መስኮቱ ያስታወሰው

ባለሱቋ ከባንኮኒው ኋላ ሆና እንቁላል እየጠቀለለች «የላይኛው ፎቅ አናጺ ዛሬ ሳይታጠቡ ተመለሱ አሉ» ስትል፣ የአናጺው ልጅ ከሁለት ሰው ጀርባ ቆማ የዳቦ ተራ እየጠበቀች ነበር። ባለሱቋ አላየቻትም። ብታያትም ወሬ የምታቋርጥ ሴት አይደለችም፤ ድምጿን ትንሽ ዝቅ ታደርግ ነበር እንጂ። እንቁላል የምትገዛው ሴትዮ የኩላሊት እጥበት እንዴት ይቀራል ብላ ጠየቀች። ባለሱቋ ነገሩን ከአናጺው ጋር በአንድ ታክሲ ከመጣ ሰው ሰምታ ስለነበር አንድም ሳታስቀር አስረዳቻት፤ ኮምፒውተሩ ተራ የለዎትም ብሏቸዋል፣ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አግኝተዋል፣ አንዲት ቃል ሳይጨቃጨቁ ወጥተዋል። «የሚገርመው» አለች የጋዜጣውን ጫፍ እያጠፈች «ኮምፒውተሩን የሠራችው የገዛ ልጃቸው ናት።» ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ቀጥላ እንቁላል ዛሬም ጨምሯል እንዴ ብላ ጠየቀች። ጨምሯል። ለእሱም ከንፈሯን መጠጠች፣ ትንሽ ረዘም አድርጋ።

በሰፈሩ ባለ ኮምፒውተሯ የሚሏት የአናጺው ልጅ ዳቦውን ሳትገዛ ወጣች። ሥራዋ የኩላሊት እጥበት ማዕከሉ ውስጥ ነው፤ የምትገባው ግን ከሰዓት ስለሆነ ረፋዱን ምግብ ስታበስል ነው የምትውለው። አባቷ ለብቻው ሄዶ ለብቻው ይመለሳል፤ ልጅ ይዞኝ አይሄድም፣ ገና አላረጀሁም ይላል። ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ነገሩ ከእሷ ቀድሞ የገባው ይመስል ከበድ ከበድ ይል ነበር።

አባቷ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የጫማውን ክር ፈቷል፣ ጫማውን ግን አላወለቀም፤ ያበጠ እግር አንዴ ከጫማ ከወጣ መልሶ አይገባም። ቤቱ አንድ ክፍልና በመጋረጃ የተከለለች ኩሽና ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው እንጨት ሁሉ የእጁ ሥራ ነው፤ ጠረጴዛው፣ ቁም ሳጥኑ፣ አልጋው፣ የወንድሟ የልጅነት ወንበር ሳይቀር፣ አንዳቸውም አይነቃነቁም። የሚነቃነቀው ወለሉ ነው፤ እሱን ሌላ ሰው ነው የሠራው። ጠረጴዛው ላይ ሐኪሙ ለቀን የፈቀደለት ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ተቀምጧል። እስካሁን ከሩብ በላይ አልተነካም። ሰውየው ሲናደድ ውሃ አይጠጣም፤ ይህ ለኩላሊት በሽተኛ የሚመች ጠባይ ነው።

ታጠብክ ወይ አለችው። ታጠብኩ አላት። ሁልጊዜ ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ ያለውን ፋሻ ደፍኖ ይይዘው ነበር፤ ዛሬ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንጓው ተቆልፏል። ዳቦውስ አላት። አልቋል አለችው። እንዲህ ሁለቱም ዋሽተው ተያዩ፣ አንዱ የአንዱን ውሸት ባይነካም። ብርድ ልብሱ ግን ከጎኑ የለም። ያ ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ የአናጺ ሙጫ ደርቆ የቀረበት፣ ማሽኑ ደሙን አውጥቶ አቀዝቅዞ ሲመልስለት እግሩ ላይ የሚጥለው ብርድ ልብስ። የት ጣልከው ልትለው ከንፈሯ ተከፈተ። ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ በማሽን የተቀየመ ሰው አስተያየት አልነበረም። በማሽን የተቀየመ ሰው ይሳደባል።

ወደ ማዕከሉ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ታሪፍ ጨምሯል፣ አልጨመረም ከሚሉ ተሳፋሪዎች ጋር ሲከራከር እሷ የጠየቃትን ሰጥታ መስኮት ተደግፋ ተቀመጠች። ነገሩ ገብቷት ነበር። ሌላ ሰው ነገሩ እስኪገባው ሳምንት ይፈጅበት ይሆናል፤ እሷ ግን የሠራችውን ታውቀዋለች። የማዕከሉ ዳታቤዝ እውነተኛ ነው፣ ግን ቀርፋፋ። የበሽተኛው ሰንጠረዥ ለብቻ፣ የወንበሩ ለብቻ፣ የፈረቃው ለብቻ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ለብቻ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው በመጣ ቁጥር ሁሉንም አገጣጥሞ ነው መልስ የሚሰጠው። እስኪያገጣጥም እግራቸው ያበጠ ሰዎች ካርድ ክፍል ፊት ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጎብኚ ይዞ መጥቶ ሰልፉን ሲያይ ደነገጠ፤ የደነገጠው ለሰልፈኞቹ ሳይሆን ለጎብኚው ነው። መላ ፍጠሪ አላት። ፈጠረች። ከትልቁ ዳታቤዝ ፊት አንድ ፈጣን መስኮት አቆመች። መስኮቱ ሰንጠረዥ አያውቅም፣ ማገጣጠም አያውቅም። የካርድ ቁጥር ይሰጡታል፣ አንድ መልስ ይሰጣል፣ በቃ። መልሱን የማያውቀው ከሆነ ብቻ ዞር ብሎ ትልቁን ዳታቤዝ ይጠይቅና የሰማውን ለአንድ ቀን በቃሉ ይይዛል። ቀኑ ሲሞላ ይረሳዋል፣ እንደገና ይጠይቃል። ሰልፉ ጠፋ። ለሥራ አስኪያጁ የምስጋና ወረቀት መጣለት።

መስኮቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሕጉንም ያወጣችው እሷው ናት። ትልቁ ዳታቤዝ ላይ የሚለወጥ ነገር ሁሉ በመስኮቱ በኩል ይለፍ፤ ካላለፈ ደግሞ መስኮቱ የያዝከውን እርሳ ይባል። በጓሮ በር ገብቶ ዳታቤዙን ያስተካከለ ሰው፣ መስኮቱ የድሮውን መልስ እየደጋገመ ሲያሳፍረው ይውላል። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች ሰሌዳ ላይ ሥላ አስተምራለች። አንዱ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ስህተት ማን ይሠራል ብሎ ስቆ ነበር።

አባቷ በሳምባ ምች ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ «ለጊዜው ቆሟል» ተባለና ሰባተኛው ወንበሩ ከተጠባባቂዎች ለአንዷ ተሰጠ። ከሆስፒታል ሲወጣ ለሥራ አስኪያጁ ደወለች። «ከመጣ መልሺው እንጂ፣ ይሄ ምኑ ይጠየቃል» ብሎ ዘጋው። ትናንት አመሻሽ ላይ በጓሮ በር ገባች። በመስኮቱ በኩል ብታደርገው ካርድ ክፍልም ሲስተሮቹም ያዩታል፤ ለአባቷ ስትሆን እንዴት ፈጠነች ይባላል። ትልቁ ዳታቤዝ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው አያስቀምጥም፤ እምቢ አላት። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ የነበረውን ቁጥር አነሳች፣ ከዚያ የአባቷን አስገባች። ያነሳችው ቁጥር ነው፤ ዕድሜ አልነበረው፣ መልክ አልነበረው። ካርድ ክፍሏ የሚሏት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን የማግስቱን በሽተኞች ከምሳ በኋላ አስቀድማ የማየት ልማድ አላት። ትናንትም አይታ ነበር። መስኮቱ በቃሉ ይዟል፤ አናጺው ቆሟል፣ ሰባተኛው ወንበር የሌላዋ ነው። ባለ ኮምፒውተሯ ኮምፒውተሩን ዘግታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ፣ ለመስኮቱ ምንም አልነገረችውም።

ታክሲው መታጠፊያው ላይ ሲንገጫገጭ ሁለተኛው ነገር ገባት፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ባለፈው ሳምንት ወንድሟ መጥቶ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሳለ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንዘልቀው?» ብሏት ነበር። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ደክሞት ነው። እሷ ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ምንም አልመለሰችለትም። ያልመለሰችው መልስ ስለሌላት ነው። መጋረጃው ግን ከጨርቅ የተሠራ ነው፤ አባቷም ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቶ ነበር። እንግዲህ ጥያቄውን ሰምቷል፣ ዝምታዋንም ሰምቷል፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ደግሞ ልጁ የሠራችው ኮምፒውተር መልሱን ነገረው ማለት ነው።

የማዕከሉ ዘበኛ ከሩቅ ሲያያት ተነሣ። ሌላ ቀን አይነሣም። አባትሽ ጨዋ ሰው ናቸው አላት፤ ሌላው ቢሆን በሩን ይሰብር ነበር። ሲወጡ ብርድ ልብሳቸውን ለእሱ ሰጥተውት ነው የሄዱት። «'ወንበሩን ከወሰዳችሁት ይሄንንም ጨምሩበት' አሉኝ። እኔ ቀልዳቸውን መስሎኝ ሳቅኩ። ኋላ ሳያቸው አልሳቁም።» ብርድ ልብሱን የት አደረግከው ስትለው ወንበራቸው ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጠኋት አለ፣ እየተንቀጠቀጠች ነበር፣ ሰውየውም ጨምሩበት ነው ያሉት።

ካርድ ክፍሏ የጥፍር ቀለሟን በሌላ እጇ ጥፍር እየፋቀች ተቀበለቻት። እኔ ምን ላድርግ የኔ እመቤት አለች፣ ያለኝን ነው የነገርኳቸው። ደግሞ በትሕትና ነው፣ እንደሌላው ሰው ዘወር በሉ አላልኳቸውም። «ሌላ ወንበር ይፈለግልዎታል አልኳቸው። እሺ ልጄ ብለውኝ ሄዱ።» ባለ ኮምፒውተሯ የአባቷን ቁጥር አስገቢልኝ አለቻት። ለጊዜው ቆሟል። ፈጣን ነው፤ ጣቷ ከቁልፉ ላይ ሳይነሣ ነው የመለሰላት። ካርድ ክፍሏ ስክሪኑን በአድናቆት አየችው። እንደ ድሮው ቢሆን ይሄኔ ገና እየዞረ ነበር አለች።

የማጠቢያው አዳራሽ በር መስታወት አለው። ሰባተኛው ወንበር ላይ ያለችው ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን በክር ጠቅልላ አስራዋለች፣ የአናጺው ቡናማ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ደርሷል። ሲስተሯን ጠርታ ማን ናት አለቻት። ልብስ ሰፊ ናት፣ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው፤ ይሄን ወንበር እስክታገኝ ድረስ ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ስትንከራተት የነበረች ናት አለች ሲስተሯ። ሁለት ጊዜ ተሸክመው አምጥተዋታል። አሁን ግን ፊቷ መለስ ብሏል፣ ትናንትና ስፌት ጀመርኩ ብላኛለች። ለጊዜው መሆኑን ነግራችኋታል ወይ ስትላት ሲስተሯ ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ ወንበሩ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ ስክሪኑ ያመጣውን ነው የማስተኛው። የማታው ፈረቃስ ስትላት ሞልቷል አለች። ስለ አባቷ ስትጠይቃት ግን ቃሏን መረጠች። እስከሚቀጥለው እጥበት፣ እስከ ከነገ ወዲያ፣ ውሃ አታብዙለት፣ ፍራፍሬ አይቅመስ፣ በጀርባው መተኛት ካቃተውና ትንፋሽ ካጠረው አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ኮሪደሩን ታውቂው የለ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የምስጋናው ወረቀት በመስታወት ገብቶ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል። ሰውየው መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሻይ አዘዘላት፣ ስለ አባቷ ጤና ጠየቃት፣ ሁለት ጊዜ። አዳራሹ ጥግ ተበላሽቶ የቆመው ማሽን መቼ ይሠራል አለችው። ዕቃው ታዟል አለ። ታዟል ከተባለ ስንት ጊዜው ነው ልትል አሰበችና ተወችው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ተጨማሪ ፈረቃ? ሲስተር የለም። ሁለቱን ማፈራረቅ? ሐኪሙ አይፈርምም፣ በግማሽ እጥበት ሁለቱም ይሞታሉ። ይህን ሲል ሻዩን አማሰለ። ታዲያ ወንበሩ የማነው በለኝ አለችው፤ አንተ የምትለውን አደርጋለሁ።

«እኔማ ምን እላለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስክሪኑ ያለው ነው የሚሆነው። ስክሪኑ ደግሞ ያንቺ ነው።»

ስክሪኑ ሁለት ነገር ነው የሚለው አለችው። ትልቁ ዳታቤዝ አባቴ ነው ይላል፣ መስኮቱ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ናት ይላል። እንግዲህ አስታርቂያቸው አለ። ይህንን ሲናገር አንድ ትንሽ የቴክኒክ ጉዳይ ያቀለለ ሰው መሰለ፤ ሻይሽ ቀዘቀዘ አላት።

ምድር ቤት ያለችው ክፍሏ መስኮት የላትም፤ የሰርቨሩ ማራገቢያ ብቻ ያጓራል። ተቀመጠች። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አወጣቻቸው። ማስታረቁ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው ያስፈራት። መስኮቱ በቃሉ የያዘው ነገር ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሲሞላ፣ እሷ ጣቷን ሳታነሣ፣ በራሱ ይረሳዋል፤ ቀጥሎ ሲጠየቅ ዞሮ ዳታቤዙን ይጠይቅና አናጺው ሰባተኛው ወንበር፣ ልብስ ሰፊዋ ተራ በመጠበቅ ላይ ይላል። ልብስ ሰፊዋን ለማቆየት ነው ሥራ የሚያስፈልገው፤ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ አባትን በገዛ እጅ ማንሣት፣ እሷን መመለስ። አባቷን ለማቆየት ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። የተጠባባቂዎቹን ሰንጠረዥ ከፈተችው። ልብስ ሰፊዋን ከሁሉም ፊት ላስቀምጣት ብላ ነበር፤ ከፊቷ ያሉትን ስታይ ግን እያንዳንዱ ቁጥር አንዳንድ ብርድ ልብስ የለበሰ መሰላት። ሰንጠረዡን ዘጋችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማራገቢያውን አዳመጠች። ወንድሟ ደወለ፤ አባዬ ደህና ነው ወይ አለ። ደህና ነው አለችው። ድምፅሽ ምን ሆኗል አላት። ምንም አለችው። ስልኩን ስትዘጋ የመስኮቱ ቀን ሞልቷል። የልብስ ሰፊዋን ቁጥር ለመስኮቱ ሰጠችው። አንዲት ቅጽበት ዘገየ፤ መጠየቁ ነው። ተራ በመጠበቅ ላይ። ምንም አላደረገችም። ማንም መጥቶ ቢመረምር ምንም እንዳላደረገች ያገኛል።

ወደ ላይ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ከማሽኑ ተፈታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ ቆማ ነበር። ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻ በአውራ ጣቷ ደፍናዋለች፣ ልክ እንደ አባቷ። በሌላው ክንዷ ብርድ ልብሱን አጥፋ ይዛለች፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ ሙጫው ያለበት በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ፤ እንዲህ የሚያጥፍ ጨርቅ የሚያውቅ እጅ ነው። ዘበኛው በጣቱ ወደ ባለ ኮምፒውተሯ ጠቆመ።

«የሽማግሌው ልጅ አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። አላወቅኳቸውም፣ ብቻ ብርድ ሲገድለኝ ደረሱልኝ። ጫፉ ተተርትሮ ነበር፣ መርፌ ስለያዝኩ ተኝቼ ጠቀምኩት፣ በአንድ እጅ ስለሆነ ትንሽ ጠማማ ነው። ለከነገ ወዲያ የራሴን ይዤ እመጣለሁ።»

ባለ ኮምፒውተሯ ብርድ ልብሱን ተቀበለች። እንድትናገር የሚያስችላት ጊዜ ነበር፤ ልጅቷ ትንፋሿን እስክታገኝ ቆማ ነበር፣ ዘበኛውም በሩን ይዞ እየጠበቀ ነበር።

«እሺ» አለቻት።

ቤት ስትደርስ መሽቷል። አባቷ አልጋው ላይ ሦስት ትራስ ደርቦ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሲተነፍስ ከደረቱ ሥር የሚፋጭ ድምፅ አለ፣ እንደ ደነዘ መጋዝ። ጫማው አሁንም እግሩ ላይ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብላ ነገረችው፤ ስህተት ነበር፣ የእኔ ስህተት፣ በሌላ በር አስገብቼህ ለመስኮቱ ሳልነግረው ቀርቼ ነው፣ ተስተካክሏል፣ ከነገ ወዲያ ወንበርህ ላይ ነህ። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ፣ መስኮቱ ምን እንደሆነ አብራርታ ልትነግረው ጀመረች። እጁን አነሣና አስቆማት።

«ከወንድምሽ ጋር የተማከራችሁበት መስሎኝ ነበር» አለ።

«አባዬ።»

«መስሎኝ ነበር ነው ያልኩት።»

ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ይበልጥ አላላችው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ውሃ በብርጭቆ ሰጠችው፤ ከንፈሩን አርጥቦ መለሰላት። ከዚያ ብርድ ልብሱን አየው። ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ ጠርዙን በጣቱ ተከትሎ ሄደና ልብስ ሰፊዋ የጠቀመችው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዕድሜውን ሁሉ የእንጨት መጋጠሚያ ሲዳስስ የኖረ ጣት ነው፤ የሰው እጅ ያለፈበትን ነገር ያውቃል። ከታች ባለሱቋ በሯን ስትቆልፍ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ልጅቷስ?» አላት።

«ሌላ ወንበር ይፈለግላታል።»

አናጺው ከተሰፋው ቦታ ላይ ጣቱን ሳያነሣ ቀና ብሎ አያት።

«እኔንም እንደዚያ ነው ያሉኝ» አለ።

ልጁ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ ላይ ቀስ ብላ አነሣች፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ አጠፈችው፣ እንደ ልብስ ሰፊዋ ግን አልሆነላትም፤ ከዚያ ለከነገ ወዲያ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።